የንዳዱ ዓመት ቄስ

እማዋይሽ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ በጭቃው ውስጥ ትሮጣለች። የድንጋይ ውርወራ ያህል ቀድመዋት፣ አባቷ መምሬ ኃይለ ሚካኤል መቋሚያቸውን እየተከሉ ወደ ርብ ወንዝ ይገሰግሳሉ። ጥምጥማቸው ተፈትቶ ጫፉ ከኋላቸው መሬት ይጎተታል።

«አባቴ፣ ይቁሙ! በእመብርሃን ይቁሙ!»

«ደወሉን አልሰማሽም?» አሉ ዞር ሳይሉ። «ሕዝቡ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።»

ደወል አልተደወለም። የደንገል በር ጊዮርጊስ ደወል ዝም ካለ ሃያ ቀን አልፎታል። ደዋዩ ዲያቆን ከተቀበረ ወዲህ ገመዱን የጎተተ ሰው የለም።

ከወንዙ አፋፍ ላይ ደርሳ ክንዳቸውን ያዘች። ንዳዱ ከለቀቃት ገና አራተኛ ቀኗ ነው። ትንፋሿ እስኪመለስ ድረስ፣ አባቷን የያዘች ትምሰል እንጂ የተደገፈችው እሷ ነበረች። እሳቸው ፊቷን አተኩረው አዩት።

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

«የእርስዎ ነኝ። እማዋይሽ ነኝ።»

«የኔዋ እማዋይሽ ሐሙሲት ናት። ባለትዳር ናት» አሉ፣ የተሳሳተ ሰው እንደሚያርሙ ሁሉ ለስለስ ብለው። «እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ በይ አሻግሪኝ።»

ሐሙሲት የነበረው ትዳሯ ከፈረሰ ሦስት ዓመት ሆኖታል። እናቷ በሞተች በዓመቱ ወንድሟ አያልነህ «አባታችን መንገድ እየጠፋቸው ነው፤ ድረሽልኝ» ብሎ ላከባት። ባሏ ደግሞ «ወይ እኔን ወይ አባትሽን» አላት። ልብሷን ጠቅልላ መጣች። ሐሙሲት ተመልሳ አታውቅም።

ጥምጥማቸውን አንስታ፣ ጭቃውን አራግፋ፣ በሌላ ወሬ እያዋዛች ወደ ቤት መለሰቻቸው። እንደ ልማዷ መቀነቷን ፈትታ አንዱን ጫፍ በወገባቸው፣ ሌላውን በራሷ ክንድ አሰረችው።

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አንድ፣ ወሩ ጥቅምት ነበር። ክረምቱ ከልኩ አልፎ ዘንቦ፣ ርብና ጉማራ ገደባቸውን ጥሰው የፎገራን ሜዳ ከጣና ጋር አንድ አድርገውት ከርመዋል። ውሃው ሲጎድል የወባው ንዳድ ተነሣ። ንዳድ ለፎገራ ሰው አዲስ አልነበረም። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ጥቂት ልጅና ጥቂት ሽማግሌ ይወስዳል። የዘንድሮው ግን ጎረምሳውን ከሞፈሩ ላይ አነሣው። ጠዋት የተንቀጠቀጠ በሦስተኛው ቀን ማታ ይሞታል። አንድ ቤት ውስጥ ስድስት ሰው ተኝቶ ውሃ የሚያቀብል ይታጣል። ጤፉ በየማሳው ደርሶ አጫጅ አጥቶ ይረግፋል፤ ላሞቹ ጡታቸው ተወጥሮ እያገሱ ያድራሉ። ወረታ ላይ አቡጀዲ ስላለቀ ሰው በራሱ ጋቢ ይከፈን ጀመር። አቅም ያለው ቤተሰቡን ይዞ ወደ ደጋ ሸሸ። አያልነህም ሚስቱን ጽጌሬዳንና ሁለት ልጆቹን እብናት ወደ ወላጆቿ ሰዷቸው፣ እሱ ለአዝመራውና ለአባቱ ሲል ቀረ።

መምሬ አእምሯቸው ደክሞ አገልግሎት ካቆሙ ወዲህ በደንገል በር ከነበሩት ሁለት ቄሶች አንዱ በመስከረም መጨረሻ ሞቱ። ሌላው ልጆቻቸውን ይዘው ደጋ ወጡ። ከዚያ በኋላ የሞተ ሁሉ ያለ ፍትሐት፣ እንደ ከብት አፈር ይመለስበት ጀመር። ቀባሪው ከሞቱ ይልቅ ይኼን ፈራ።

ጭቃ ሹሙ ግራዝማች ቢሻው የመጡት እማዋይሽ አባቷን ከወንዙ በመለሰችበት ጠዋት ነው። የካኪ ኮታቸውን ደርበው፣ ምንሽር ጠመንጃቸውን አንግተው፣ በቅሏቸውን ራሳቸው እየጎተቱ ነበር። የሚጎትትላቸው አሽከር አልተረፈም።

«መምሬን ልወስዳቸው ነው የመጣሁ» አሉ ከደጅ እንደቆሙ።

«የት ግራዝማች?» አለች እማዋይሽ።

«ባለቤቴ ሌሊት ዐርፋለች። ፍትሐት ትፈልጋለች።»

እማዋይሽ ደረቷን መታች። ሴትዮዋን ታውቃቸው ነበር። ዐይኗን ጠርጋ ግን እንዲህ አለች፦ «እግዜር ያጥናዎ። ግን ግራዝማች፣ አባቴ እኮ ልጃቸውን አያውቁኝም። ምሳ በልተው ‹ምሳ አልሰጣችሁኝም› ይሉናል። ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ቢጠይቋቸው የጣልያን ወረራ ዘመን ነው የሚነግሩዎ።»

«ልጃቸውን ይርሱ። ቀኑንም ይርሱ። እግዜርን ረስተው እንደሁ እሳቸው ይንገሩኝ፤ አንቺ አትንገሪኝ።»

አያልነህ ከጎተራው ሥር ተነሥቶ መጣ። ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። እኅቱንም ጭቃ ሹሙንም አየና «እንሞክር» አለ። «ካቃታቸው ይዤያቸው እመለሳለሁ።»

በደንገል ታንኳ ረግረጉን አሻገራቸው። እማዋይሽ ከኋላ ተቀምጣ መቀነቱን ይዛለች። መምሬ በመንገዱ ሁሉ የት እንደሚሄዱ ደጋግመው ጠየቁ። ለቅሶው ቤት ደርሰው ሰሌን ውስጥ የተጠቀለለውን አስከሬን ሲያዩ ግን መጠየቁን ተዉ። መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ። አንድ ከአብነት ትምህርት ቤት ያቋረጠ ገበሬ ተቀባይ ሆኖ ከጎናቸው ቆመ።

«የክርስትና ስሟ ማነው?» አሉ መምሬ።

ነገሯቸው። እሳቸውም በስመ አብ ብለው ጀመሩ።

እማዋይሽ ያንን ድምፅ ካጣችው ቆይታለች። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው፣ ከሆድ የሚወጣ፣ ቃሉን አንድ በአንድ የሚያስቀምጥ ድምፅ ነበር። ዳዊቱ አልጠፋባቸውም፤ ዜማው አልተሰበረም፤ የት እንደሚቆሙ፣ የት እንደሚሰግዱ ያውቃሉ። ገበሬው ተሰጥዎውን ሲስት በዐይናቸው ገሠጹት። ጭቃ ሹሙ ምንሽራቸውን ተደግፈው እንደ ልጅ አለቀሱ። ሲያበቃ መምሬ ወደ ልጃቸው ዞረው «እማዋይሽ፣ ፊትሽ ገርጥቷል፤ ታመሽ ነበር እንዴ?» አሏት።

በስሟ ጠሯት። መልስ ሳትሰጥ ግን ዐይናቸው መልሶ ደበዘዘ።

ወሬው በሜዳው ላይ ተዛመተ። በማግሥቱ ሦስት ቤት ጠራቸው፤ በሳምንቱ ከርብ ማዶ ሳይቀር በቃሬዛ ሊወስዷቸው መጡ። እማዋይሽ አንዳንዴ ትናደድ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አባቷ ሜዳ ላይ ሲባዝኑ «መምሬ ጃጁ» ብሎ የሳቀ ሰው ሁሉ ዛሬ መስቀል ለመሳለም ይጋፋል። ሲመሽ ግን ልብስ ያበላሹትን ሽማግሌ የምታጥበው እሷ ናት። «እናትሽ የት ሄደች?» ለሚለው ለስንተኛ ጊዜ መልስ የምትፈልገው እሷ ናት። እንዲያም ሆኖ እምቢ አላለችም። ከአስከሬን ፊት ሲቆሙ አባቷ አባቷ ነበሩ። ያንን ለማየት ስትል የሰው ሞት እስከ መመኘት የደረሰች ስለመሰላት ራሷን ትፈራው ጀመር።

ኅዳር በገባ በሦስተኛው ቀን አያልነህ ከማሳ ተመልሶ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ሁለት ጋቢ ደረበችለት፤ ብርዱ ግን አልለቀቀውም። ጥርሱ ሲንገጫገጭ ከጓዳ ይሰማ ነበር። በማግሥቱ የዐይኑ ነጭ ቢጫ ሆነ።

«ወረታ ልሂድ» አለች። «ነጋዴው ኢሳቅ ዘንድ ኪኒን አይጠፋም።»

«አባታችንስ?»

ሁለቱም መምሬን አዩ። ሽማግሌው ከምሰሶው ሥር ተቀምጠው ጣታቸውን እየቆጠሩ ነበር። ከጎረቤት የቀሩት አሮጊቷ ወለተ ሐና ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ተኝተዋል። እማዋይሽ መቀነቱን በአባቷ ወገብ አሰረችና ሌላውን ጫፍ ምሰሶው ላይ ቋጠረችው። ሁለት ጊዜ ቋጠረችው። በራሷ አፈረች።

«ተይው፣ ምሰሶ ላይ አትሰሪያቸው» አለ አያልነህ ከመደቡ ላይ። «ለኔ ስጪኝ። እኔ እይዛቸዋለሁ።»

«እንቅልፍ ቢወስድህስ?»

«ሲጎትቱኝ እነቃለሁ። ሂጂ፣ ቀኑ ሳይገፋ።»

ጫፉን በመዳፉ ጠቅልላ ሰጠችው። መዳፉ እንደ ፍም ይፋጅ ነበር።

ወረታ ሌላ ጊዜ ከደብረ ታቦርና ከጎንደር በሚመጣ ነጋዴ የምትጨናነቅ ከተማ ናት። ያን ቀን ከመንታ መንገዱ ላይ አንድ ትሬንታ ኳትሮ የሚባል የጣልያን የጭነት መኪና አፍንጫውን ወደ ጎንደር አድርጎ ቆሟል፤ ሾፌሩ ከጎማው ሥር ተኮማትሮ ይንቀጠቀጣል። ከጎንደር መጥቶ የነበረው የጤና ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ መድኃኒቱ አልቆበት ተመልሷል። ከሱቆቹ የተከፈተው የኢሳቅ ብቻ ነበር። ኢሳቅ ጨውና አቡጀዲ ነጋዴ ነው፤ አባቱ ጀላልም እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው ያረጁት።

«እማዋይሽ! መምሬ ደኅና ናቸው? ዛሬም በአባቴ ስም ነው የሚጠሩኝ?» አለ ገና ሲያያት።

«አያልነህን ጣለብኝ ኢሳቅ። ኪኒን ካለህ በአላህ።»

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ወደ ጓዳ ገልመጥ አለ። ከመጋረጃው በስተጀርባ ሚስቱ ሰኪና ስታቃስት ይሰማል።

«ወላሂ የቀረኝ የሷ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እማዋይሽ ወደ መጋረጃው አየች። ልትለምነው አፏን ከፍታ ተወችው። ነጠላዋን አስተካክላ ልትወጣ ስትል ከመጋረጃው ኋላ የሰኪና ድምፅ መጣ።

«ኢሳቅ፣ አካፍላት።»

«አንቺስ?»

«አካፍላት አልኩህ። እናትህ መዲና አእምሯቸውን ሲስቱ ሰው አጥተን የተንገላታነውን ረሳኸው? ይች ልጅ ያለ ወንድሟ እንዴት ልትሆን ነው?»

ኢሳቅ ገባ፤ ቆየ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በእጇ ላይ አስቀመጠና «በቀን ሁለት ሁለት። ሲያስታውከው መልሰሽ ስጪው» አላት። ቀና ብሎ አላያትም።

የመልሱን መንገድ ግማሹን ሮጠችው።

ቤቱ ባዶ ነበር። መቀነቱ መደቡ ላይ ተዘርግቷል። ቋጠሮው የተበጠሰ ሳይሆን በጥንቃቄ የተፈታ ነው። ወለተ ሐና በጎጇቸው በር ላይ ተንፈራጠው ተቀምጠው እጃቸውን ያወዛውዙላታል።

«ብጮህ ማን ይሰማኛል? ብጮህ ማን ይሰማኛል ልጄ?» ይላሉ።

«የት ሄዱ?»

«መምሬ ‹ለምን እንደ ጥጃ አሰራችሁኝ› እያሉ አለቀሱ። ከዚህ ድረስ ሰማኋቸው። አያልነህ ፈታላቸው መሰለኝ። ጥቂት ቆይቶ ደወል ተደወለ እያሉ ወጡ። እሱ ደግሞ ጋቢውን እየጎተተ፣ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ተከተላቸው። ወደ ውሃው ነው የሄዱት።»

መሻገሪያው ጋ ስትደርስ አባቷን በቁማቸው አየቻቸው። እስከ ብብታቸው ጥቁር የረግረግ ጭቃ ለብሰዋል። ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ወጥረው ይዘው ለአንድ ነገር ጥላ ሰርተውለታል። ከሥራቸው አያልነህ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተጋድሟል። ጭቃው ላይ የሆነው ሁሉ ይነበባል፦ አባትየው የሰመጡበት ጉድጓድ፣ ልጅየው ገብቶ ከሥር የገፋበት፣ ከዚያ በክርኑ እየተሳበ የወጣበት።

«ቀስ በይ» አሉ መምሬ። «ደክሞት ተኝቷል። ደግ ልጅ ነው፤ ከማጡ ያወጣኝ እሱ ነው። የማን ልጅ እንደሆነ አላወቅሁትም።»

ወድቃ ደረቱን ዳሰሰች። ግንባሩ ላይ ንዳዱ ገና አልበረደም ነበር፤ ትንፋሽ ግን የለም። ስሙን ጠራችው። ጋዜጣውን ፈትታ አንድ ፍሬ ኪኒን በከንፈሩ መካከል ልታስገባ ሞከረች፤ ጥርሱ አልከፈት አላት።

ከዚያ ተነሥታ አባቷን በሁለት ትከሻቸው ያዘቻቸውና ናጠቻቸው። መምታት ፈለገች። እጇን አነሣች።

«ገደሉት! ገደሉብኝ! ወንድሜን ገደሉብኝ!»

መምሬ እንደ ተቆጡት ሕፃን ተሸማቀቁ። «ሞተ እንዴ?» አሉ። አስከሬኑን አዩት፤ እሷን አዩዋት። ከዚያም ጭቃ ከለበሰው ገላቸው ውስጥ ያ የቄስነት ድምፅ ቀስ ብሎ ብቅ አለ። «ፍትሐት ተደርጎለታል?»

የተነሣው እጇ ወደቀ።

ጭቃ ሹሙ ቢሻውና ተቀባዩ ገበሬ ጩኸቷን ሰምተው ደረሱላት። አያልነህን በቃሬዛ ወደ ጊዮርጊስ ቅጥር ወሰዱት። እማዋይሽ አባቷን ወንዙ ዳር አስቀምጣ በውሃ አጠበቻቸው፤ በራሷ ነጠላ አዲስ ጥምጥም አሰረችላቸው። ቃሬዛውን ለመሸኘት ብለው በከዘራ እየተደገፉ ለመጡት ለወለተ ሐና ኪኒኑን ሰጠቻቸው። እንዴት እንደሚዋጥ ስትነግራቸው ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

ጉድጓዱ ሲቆፈር ጭቃ ሹሙ ወደ ጎን ጠሯት።

«እኔ ልቤ እምቢ አለኝ» አሉ። «አባት ሳያውቀው ልጁን ይቅበር? ግፍ አይሆንብንም? ንገሪያቸው፤ ወይ ደግሞ ይቅር።»

«ብነግራቸው አንድ ጊዜ ይሞታሉ፤ ወዲያው ይረሳሉ። ነገ ሲጠይቁኝ ደግሜ ልገድላቸው ነው?»

«እንግዲያስ ያለ ፍትሐት ይቀበር።»

«የሁላችሁን ሰው ፈትተው፣ የኔ ወንድም ያለ ፍትሐት?» አለች። አልጮኸችም። «ሌላ ቄስ ያምጡልኝና አባቴን ወደ ቤት እወስዳቸዋለሁ።»

ጭቃ ሹሙ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሌላ ቄስ የለም።

መምሬ ኃይለ ሚካኤል ከአስከሬኑ ራስጌ ቆሙ።

«የክርስትና ስሙ ማነው?»

ሰው ሁሉ እማዋይሽን አያት።

«ወልደ ገብርኤል» አለች።

መምሬ መስቀሉን እንደያዙ ጸጥ አሉ። ነፋሱ የጥምጥማቸውን ጫፍ ያርገበግበዋል።

«የኔም ልጅ ወልደ ገብርኤል ነው» አሉ ወደ ቀባሪው ዞረው፣ ፊታቸው በርቶ። «ብርቱ ገበሬ ነው። እግዜር ይጠብቅልኝ።»

«አሜን» ያለ ሰው አልነበረም። ተቀባዩ ገበሬ አንገቱን ደፋ። መምሬ ግን ጀመሩ። እስከዚያ ቀን ካደረሱት ሁሉ ያ የሰፋ፣ ያ የጠለቀ ነበር። የትኛውንም አላሳጠሩም። ፀሐይ ወደ ጣና እስክታዘቀዝቅ ድረስ ለማያውቁት ወጣት ምሕረት ለመኑ፤ የመጀመሪያውን ጭብጥ አፈርም በእጃቸው በተኑ።

ሲያበቁ፣ ለለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ እንደሚያደርጉት፣ ወደ ሐዘንተኛዋ መጡና መስቀሉን ግንባሯ ላይ አስነኩ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ። ሟቹ ምንሽ ነው?»

«ወንድሜ ነው።»

«እናት አባት አለው?»

«አባት አለው።»

«ሰምቷል?»

እማዋይሽ ራሷን ነቀነቀች። «አልሰሙም።»

«ሽማግሌ ነው?»

«ሽማግሌ ናቸው።»

መምሬ መቋሚያቸውን በመሬቱ ላይ ገፋ ገፋ አደረጉ። «መርዶ ለሽማግሌ እንዲህ በዘፈቀደ አይነገርም። የቄስ ሥራ ነው። ነይ ቤቱን አሳዪኝ፤ እኔ እነግረዋለሁ።»

ጭቃ ሹሙ መንገዱን ለቀቁላቸው። እማዋይሽ የአባቷን ክንድ ያዘች። ከቅጥሩ ወጥተው፣ ሰው ባጣው የጤፍ ማሳ ዳር ዳሩን ይዘው፣ ቀስ ብለው ሄዱ። መምሬ እንደ ወትሮው የት እንደሚሄዱ አልጠየቁም። መርዶ ሊነግሩ እንደሚሄዱ ያውቁ ነበር።

ከደጁ ሲደርሱ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «እንደምን አመሻችሁ ቤቶች!» አሉ። የመለሰ የለም። ጎንበስ ብለው ገቡ። በራሳቸው መደብ ላይ፣ እንግዳ እንደሚቀመጥ ከጫፉ ላይ፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አድርገው ተቀመጡ።

«ባለቤቱ የሉም?»

«ይመጣሉ አባቴ።»

«እንጠብቃለና።»

ውሃ ሰጠቻቸው፤ ጠጡ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የሚናገሩትን ቃል እየመረጡ እንደሆነ ገባት። ከጎናቸው ተቀመጠች።

«እንዴት ብለው ነው የሚነግሯቸው?» አለች።

አሰቡበት። «ወዲያው አይነገርም» አሉ። «መጀመሪያ እጁን ነው የምይዘው። እንዲህ።»

እጇን ወስደው በሁለት መዳፋቸው ውስጥ አደረጉት። መዳፋቸው ሻካራና ሙቅ ነበር።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ» አሉ። የሚቀጥለውን ቃል ፈለጉት። ወደ በሩ አዩ፣ ወደ ምሰሶው አዩ፣ ወደ እሷም አዩ፤ አላገኙትም። ውጭ የአያልነህ ላሞች የሚያስገባቸው አጥተው ደጅ ላይ ያገሳሉ። እማዋይሽ ለመነሣት እጇን ሳብ አደረገች፤ መምሬ አልለቀቋትም። ተመልሳ ተቀመጠች፤ ያን ጊዜ ነው ቀኑን ሙሉ ያልመጣላት እንባ የመጣላት።